የሰርግ ካሴታችሁን ዴክ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት

ጎንደር ውስጥ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ድል ያለ ሰርግ የደገሰ ቤት ብትገቡ ቁም ሳጥን አናት ላይ ወይ አልጋ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ የቪዲዮ ካሴት አታጡም። ሰርጉ፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ፣ ክርስትናው፣ ለጥምቀት የፋሲለደስ መዋኛ ዳር የተቀረጸው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ዴኩ ግን ወይ ተሽጧል፣ ወይ ዲቪዲ ሲመጣ ተጥሏል፣ ወይ በዳንቴል ተሸፍኖ ቴሌቪዥን ሥር የጌጥ ዕቃ ሆኗል።

የቤተሰባችንን ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ የተነሳሁት ዘግይቼ ነበር። ዓመታት የቆመ ዴክ ሰካሁ፣ መብራቱ በራ፣ «ይሠራል» ብዬ የወላጆቼን ሰርግ ከተትኩበት። 10 ደቂቃ ሳይሞላ ምስሉ ተንቀጠቀጠና ቆመ። ካሴቱን ሳስወጣው ክሩ ዴኩ ሆድ ውስጥ ቀረ፤ ደንግጬ ጎተትኩት። ሙሽራዋ ከቤቷ ስትወጣ የነበረው ትዕይንት እንደዚያ ሆኖ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የራሴንም የዘመድንም ብዙ ካሴት ገልብጫለሁ፤ ከዚህ በታች ያለው እጄን ካቃጠለኝ በኋላ የተማርኩት ነው።

ካሴቱ አሮጌ ስለሆነ የሚያልቀው እሱ ይመስለናል። ቀድሞ የሚሞተው ግን ዴኩ ነው። ቪኤችኤስ የሚባለውን ይህን የካሴት ዓይነት ጄቪሲ ጃፓን ውስጥ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን ዴክ ማምረቱን እስከ መጨረሻ የቀጠለው የጃፓኑ ፉናይ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። አሁን የምታገኙት ዴክ ሁሉ እንግዲህ ያገለገለ ነው። ውስጡ ያለው ጎማ ይደርቃል፣ ቺንጊያው ይላላል፣ ቅባቱ እንደ ሙጫ ይጠነክራል። ዳንቴሉ ሥር ተቀምጦ አልተነካም ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ሲሠራ ከከረመው ይልቅ ቆሞ የከረመው ነው ክር የሚበላው።

ስለዚህ መጀመሪያ ዴኩ ይገኝ፣ ካሴቱ ይቆይ። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ዘመድ ጠይቁ፤ አዘዞም ሆነ ማራኪ ዴኳን ያልጣለች አክስት አትጠፋም። ካልሆነም ቅዳሜ ገበያ አካባቢ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡትን፣ አራዳ ደግሞ ቴሌቪዥን ጠጋኞችን ጠይቁ። ስትሄዱ የማያሳዝን ካሴት ይዛችሁ ሂዱ፤ የድሮ ፊልም የተቀዳበት ይበቃል። አስገቡት፣ አጫውቱት፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አስኪዱት፣ አስወጡት፤ ሦስት ጊዜ ድገሙት። ካሴቱን ውጦ ወዲያው የሚተፋ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የላላ ቺንጊያ ነው። አጫውቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ራሱን የሚያቆም ከሆነ ክሩን የሚቀበለው ጥቅል አልዞረም ማለት ነው፤ ዴኩ ይህን ሲያውቅ ይቆማል፣ ሳያውቅ ከቀረ ክሩን ይበላል። እንዲህ ያለውን ሳይጠገን አትግዙት። ድምፁ ጥርት ብሎ ምስሉ ነጠብጣብ ብቻ ከሆነ ግን አትሽሹ። ድምፁን የሚያነበው በክሩ ጠርዝ በኩል ያለ ሌላ ቋሚ ሄድ፣ ማለትም የማንበቢያ ክፍል ነው፤ የቆሸሸው የሚሽከረከረው የምስሉ ሄድ ብቻ ነው፤ ይጸዳል። ዋጋ ለማስቀነስም ይመቻል።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፤ ካሴቶቻችሁ ከየት የመጡ ናቸው? እዚህ የተቀረጸው ፓል በሚባለው የቪዲዮ ስልት ነው። እስራኤል ያሉ ዘመዶች የላኩትም ፓል ስለሆነ አያስቸግርም። ከአሜሪካ የመጣው ግን ኤንቲኤስሲ የሚባለው ሌላ ስልት ነው፤ ፓል ብቻ በሚያጫውት ዴክ ውስጥ ሲገባ ምስሉ ይገለባበጣል፣ ድምፁም እየተጎተተ ይወፍራል። የዴኩ ፊት ወይም ጀርባ ላይ ኤንቲኤስሲ እንደሚያጫውት ተጽፎ ከሆነ ይሠራል። ሆኖም አብዛኞቹ የሚያወጡት ፓል 60 የሚባለውን ድብልቅ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ቀለሙ ደህና ሆኖ ኮምፒውተሩ ላይ ጥቁርና ነጭ ቢሆንባችሁ ካሴቱ አልተበላሸም፤ መቅጃው ላይ የቀለሙን ዓይነት ወደ ፓል 60 ቀይሩት።

አሁን ጽዳት። ሶኬቱን ንቀሉና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ ኃይል የሚቀበለው ክፍል ከተነቀለ በኋላም ይይዛል፣ ያንን ክፍል ጨርሶ አትንኩት። ክዳኑ ከጀርባና ከጎን ባሉ ጥቂት ብሎኖች የታሰረ ነው። ሲነሳ መሃል ላይ አንድ የሚያብረቀርቅ ዘንበል ያለ ከበሮ ታያላችሁ። ፓል ካሴት ሲያጫውት በደቂቃ 1500 ጊዜ ይሽከረከራል፤ የምስሉ ሄዶች ጠርዙ ላይ የተሰኩ ጥቃቅን ነጥቦች ናቸው፣ ለዓይን እንኳ በቅጡ አይታዩም። ምስሉን የሚያነበው ስንጥቅ እጅግ ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ብናኝ ትደፍነዋለች።

ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት የሚጠቀም ሰው ብታዩ አስቁሙት። የጥጡ ክር ሄዱን ይይዘውና ይነቅለዋል፤ ሄዱ ከተነቀለ ዴኩ የሚጣል ነው። የሚሻለው ተራ ነጭ የጽሕፈት ወረቀት ነው። ሁለት ጣት ስፋት ቁረጡ፣ አልኮል አርከፍክፉበት፣ ከበሮው ጎን ላይ ሳትጫኑ ደግፉና በሌላው እጃችሁ ከበሮውን ከላይ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ወረቀቱ አይንቀሳቀስ፣ የሚዞረው ከበሮው ነው። ወደ ላይና ወደ ታች አንዴ ካሻችሁት ሄዱ ተሰበረ። 10 ዙር አዙሩ፣ ወረቀቱን ቀይሩ፤ ጥቁር መስመር መተው እስኪያቆም ድገሙት። ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ወረቀት ላይ ይጠራል። ቋሚ ሄዶቹንና ክሩ የሚያልፍባቸውን የብረት ምሰሶዎች በአልኮል በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። ክሩን የሚጎትተውን ጥቁር ጎማ ግን በውሃ ነክራችሁ በደንብ በጨመቃችሁት ጨርቅ፤ አልኮል ሲደጋገም ጎማ ያደርቃል። ጎማው እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ከሆነ ደንድኗል ማለት ነው፤ ክር የሚበላውም ይኸው ነው፣ ለጠጋኝ አሳዩት።

አልኮሉ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች ዘንድ የሚገኘው፣ 99 ከመቶ ንጹሕ የሆነው አይሶፕሮፒል ቢሆን ጥሩ ነው። መድኃኒት ቤት የሚሸጠው ባለ 70 ከመቶ አልኮል ውሃ ስላለበት እሱን ከተጠቀማችሁ ሙሉ ሰዓት አድርቁ። «ያው አልኮል ነው» ብሎ ካቲካላ ያመጣልኝ ሰው ነበር፤ ለእንግዳ ይቀመጥ፣ ሄድ ላይ የሚተወው ዝቃጭ ከቆሻሻው አይሻልም። ሽቶም እንዲሁ።

ከዚያ ያንኑ የማያሳዝን ካሴት መልሳችሁ ለአንድ ሰዓት አጫውቱ። ሲወጣ ክዳኑን ክፈቱና የክሩን ጠርዝ በብርሃን እዩ። ተጨማድዶ ወይም ተቆልምሞ ከሆነ ዴኩ ገና ነው። ቀጥ ብሎ ከወጣ የራሳችሁን ማሰብ ትችላላችሁ።

ካሴቱን ስታነሱ የመጀመሪያው ሥራ ጀርባው ላይ በግራ ጫፍ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ በካቻቪቴ መስበር ነው። እሷ ካለች የመቅጃ ቁልፍ በስህተት ሲነካ ሰርጉ ይጠፋል፤ ከተሰበረች ዴኩ መቅዳት እምቢ ይላል። ቀጥሎ በመስኮቱ በኩል ጥቅሉን እዩ። ጤነኛ ክር ጥቁርና ለስላሳ ሆኖ ይታያል። ነጭ ወይም ግራጫ ክብ ክብ መስመር ወይም ዱቄት የተነሰነሰበት ከመሰለ ሻግቷል። የእኛ አገር ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ የጭቃ ግድግዳ ሥር ወይም ሲሚንቶ ወለል ላይ በፌስታል ታስሮ የከረመ ካሴት እርጥበቱን ይዞ ስለሚቀመጥ መሻገቱ አይቀርም።

ሁለተኛው ትልቅ ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። አንድ የሻገተ ካሴት «ጥቂት ነው» ብዬ አጫወትኩ። ሻጋታው ሄዱን ደፈነ፤ ይባስ ብሎ ከእሱ በኋላ ያስገባኋቸው ሁለት ንጹሕ ካሴቶች ላይ ተራገፈ። የሻገተውን ከሌሎቹ ለዩት። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ በርበሬ አይደለም። ፕላስቲኩ ይጣመማል፣ ክሩም ይሳሳባል። ጫማና መድኃኒት ዕቃ ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ሰብስባችሁ ከካሴቱ ጋር በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ዝጉት። እርጥብ ሻጋታ ይቀባል፣ የደረቀ ግን ዱቄት ሆኖ ይራገፋል። ከዚያ ደጅ ወጥታችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን በማስክ ሸፍናችሁ ሥሩ።

ለማጽዳትም ሆነ የተበጠሰ ለመጠገን ካሴቱን መክፈት ያስፈልጋል። አትፍሩት። ገልብጡት፤ ከሥሩ 5 ብሎን አለ። ፍቱ፣ ሁለቱን ልጣጮች ገጥማችሁ እንደያዛችሁ መልሱና የላይኛውን ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ። ከማንኛውም ነገር በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ክሩ በየትኛው ምሰሶ በኩል እንደሚያልፍ ሲገጠም ይጠፋባችኋል። የፊት ክዳኑን ስትከፍቱ ወደ እናንተ የሚያየው የክሩ ገጽ ምስሉ ያለበት ነው፤ በጣት አይነካም፣ የጣት ወዝ አቧራ ይይዛል። ስልክ የሚጸዳበትን ክር የማይተው ጨርቅ ለሁለት አጥፋችሁ ክሩን በመሃሉ እያሳለፋችሁ ጥቅሉን በእጅ አዙሩ። የሁለት ሰዓት ክር አንድ ከሰዓት ሙሉ ይፈጃል። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ።

ክሩ ከተበጠሰ ብዙ ጊዜ የሚለቀው ጫፉ ላይ፣ ከጥቅሉ ማቀፊያ ጋር በሚያያዝበት ነው። ይህ ቀላሉ ነው፤ ማቀፊያውን በጥፍራችሁ አላቃችሁ ክሩን አስገቡና መልሳችሁ ተጫኑት። መሃል ላይ ከተበጠሰ ወይም ከተበላ የተጨማደደውን ብቻ በሹል ምላጭ በሰያፍ ቁረጡ። ሁለቱን ጫፎች ሳይደራረቡ አግጥማችሁ ምስል በሌለበት፣ ማለትም ወደ ውስጥ በሚያየው ገጽ፣ ቀጭን ፕላስተር ለጥፉ። ለክር መቀጠያ የተሠራው ካልተገኘ ስስ የፖሊስተር ፕላስተር ይሻላል፤ ተራው ስኮች ሙጫው እየወጣ ሄዱን ያጣብቃል። ጠርዙን የተረፈውን ከርክሙ፤ የክሩ ወርድ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፣ ፀጉር ያህል እንኳ ከዚያ መትረፍ የለበትም።

ቅጥያው ደግሞ ሄድ ላይ በፍጥነት እንዲያልፍ አታድርጉ። ወደ ቅጥያው ሲቃረብ አቁሙ፣ ካሴቱን አስወጡ፣ ቅጥያው እስኪያልፍ ጥቅሉን በእጅ አጠንጥኑ፣ መልሳችሁ አስገቡና ቀጥሉ። ሁለቱን ቁራጭ ኮምፒውተር ላይ ማያያዝ ቀላል ነው። በእጅ ለማዞር ካሴቱ ሥር መሃል ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በስክሪብቶ ጫፍ ግፉ፤ ፍሬኑን ትለቃለች። የእኔ የመጀመሪያ ካሴት እንዲህ ቢጠገን ኖሮ የምናጣው ሁለት ሦስት ሰከንድ ነበር። ክሩ ዴክ ውስጥ ሲቀር አትጎትቱት፤ ክዳኑን ክፈቱ፣ ከየምሰሶው በጣት ጫፍ አላቁት።

ጤነኛው ካሴት ከብርድ ከመጣ ዴኩ ባለበት ክፍል ጥቂት ሰዓት ይቆይ፤ የጎንደር ሌሊት ብርድ ክሩ ላይ ጤዛ ይፈጥራል፣ የረጠበ ክርም ከበሮው ላይ ይጣበቃል። ከዚያ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት፣ መልሶ ወደ ኋላ አንድ ጊዜ አጠንጥኑት።

መቅጃው ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽ ካፕቸር ነው፤ ቢጫው ገመድ ምስል፣ ቀይና ነጩ ድምፅ። ዴካችሁ ኤስ ቪዲዮ መውጫ ካለው ከቢጫው ይልቅ እሱን ተጠቀሙ፣ ቀለሙ አይደፈርስም። ብዙ ዴክ የድምፅ ቀዳዳው አንድ ብቻ ነው፤ በነጩ ስኩ፣ ድምፁ በአንድ ጆሮ ብቻ ከመጣ ኦቢኤስ በሚባለው የኮምፒውተር መቅጃ ፕሮግራም ላይ ሞኖ የሚለውን ምረጡ። ዴኩ ሜኑ ካለው ሰማያዊ ስክሪን የሚለውን አጥፉ፤ ምልክቱ ሲደክም ደካማውን ምስል በሰማያዊ ይሸፍንባችኋል።

ኦቢኤስ በነፃ ይገኛል። የቪዲዮው ልክ 768 በ576፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 50 ፍሬም፣ ምንጩ ላይ ደግሞ ዲኢንተርሌሲንግ ውስጥ ያዲፍ 2ኤክስ አድርጉት። ሦስተኛው ስህተቴ ይኸው ነበር፤ እንደመጣ በ30 ፍሬም ቀዳሁና እስክስታው ሁሉ ተቆራረጠ፣ ትከሻው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ሆነ። የፓል ምስል በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ነው፤ እስክስታን ያህል ፈጣን ነገር በግማሹ መጣል አይገባም። ሰፊ ቴሌቪዥን እንዲሞላ ብላችሁም አትለጥጡት፤ ሙሽራዋ ካለ ልኳ ትወፍራለች። ከምስሉ ሥር የሚርመሰመሱ ጥቂት መስመሮች የቪኤችኤስ ጠባይ ናቸው፣ ጥፋት አይደሉም።

መጀመሪያ ሙሉ ካሴት አትቅዱ። 20 ደቂቃ ቅዱና መጨረሻው ላይ ጭብጨባና ከበሮ ያለበትን ቦታ ፈልጉ። እጁ ከበሮውን ሲመታ ድምፁ አብሮ ከመጣ ደህና ነው። ከዘገየ ካፕቸሩ ፍሬም እየጣለ ነው፤ ሌላ ዩኤስቢ ቀዳዳ ሞክሩ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የተከፈተውን ሁሉ ዝጉ። የአንዳንድ ካሴት ምልክት ራሱ የተናጋ ስለሆነ የድሮ ዲቪዲ መቅጃ መሃል ገብቶ ሲያሳልፈው ይረጋጋል፤ ዘመድ ቤት ካለ ተዋሱት። ማፍጠኛ የሚባል ነገር የለም፣ የ3 ሰዓት ካሴት 3 ሰዓት ይፈጃል።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ይቀጥላል፣ ዴኩ ግን ክሩን ከበሮው ላይ እንደጠመጠመ ይቆማል። ዩፒኤስ ካላችሁ ዴኩን እሱ ላይ ስኩ። ከሌላችሁ ወዲያው ሶኬቱን ንቀሉ፤ መብራት ሲመለስ በሚመጣው ከፍ ያለ ኃይል የሚቃጠለው የዴክ ክፍል መለዋወጫው አይገኝም። ከተረጋጋ በኋላ ሰክታችሁ ራሱ እስኪያወጣው ጠብቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቤት ያለው ካሴት ብዙ ጊዜ ቅጂ ነው፤ በዚያን ጊዜ ኤዲት የሚደረገው ከካሴት ወደ ካሴት በመገልበጥ ስለነበር በየግልባጩ ምስሉ ይደበዝዛል። የቀረጸው ባለሙያ አሁንም ካለ ማስተሩን፣ ማለትም የመጀመሪያውን ካሴት፣ ጠይቁት። እኔ ለአንድ ዘመድ ጠይቄ ልዩነቱ የቀሚሱ ጥለት እስኪነበብ ድረስ ነበር። ከዓመታት በፊት ወደ ቪሲዲ ያስገለበጡትም አይብቃችሁ፤ የቪሲዲ ምስል 352 በ288 ነው፣ ከካሴቱ ያነሰ።

ፋይሉ በሰዓት ከ3 እስከ 4 ጊጋባይት ይሆናል። ፍላሹ ባዶ ሆኖ «ቦታ የለም» ካላችሁ የተፎረመተው በፋት 32 ስለሆነ ነው፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ወደ ኤክስፋት ቀይሩት። ውጭ ላሉት በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፣ አለዚያ ይጨመቃል፤ በነፃው አንድ ፋይል ከ2 ጊጋባይት ማለፍ ስለማይችል ሰርጉንና መልሱን ለይታችሁ ቁረጡ። ስም ስትሰጡ የሙሽሮቹን ስም፣ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር፣ ቦታውን ጻፉ። ማዕዘኑ ላይ የሚታየው የካሜራው ቀን በፈረንጅ ነው፣ ሰዓቱም ብዙ ጊዜ 6 ሰዓት ይለያል፤ እሱን አምነው የልደት ቀን የተከራከሩ ቤተሰቦች አውቃለሁ። ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ፣ አንዱ ሌላ ቤት ይሁን። ፍላሽ ማመላለሻ እንጂ ማኖሪያ አይደለም።

ተገለበጠ ብላችሁ ካሴቱን አትጣሉ። የተሻለ ዴክ ወይም የተሻለ መቅጃ ያገኛችሁ ቀን የምትመለሱት ወደ እሱ ነው። እስከ መጀመሪያው አጠንጥናችሁ እንደ መጽሐፍ አቁሙት፤ ስፒከር አጠገብ፣ ፍሪጅ አናት ላይ፣ ወለል ላይ አይሁን። እርጥበት መጣጩን በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጀምር ቀይሩ። ዴኩንም በወር አንዴ በዚያ በማያሳዝነው ካሴት ግማሽ ሰዓት አሠሩት።